ግሱ ላይ ስትደርሱ እንዳትቆሙ፦ የእንግሊዝኛን ቴንስ ደረጃ በደረጃ መምረጥ

ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ አንዷን ነጋዴ ስሟት። ለአንዱ ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማሊኛ፣ ለእናንተ ደግሞ በአማርኛ ዋጋ ትጠራለች። ድሬዳዋ ላይ ቋንቋ መቀያየር ብርቅ አይደለም። ያው ደፋር የድሬ ልጅ ግን እንግሊዝኛ ሲናገር ግሱ ጋ ሲደርስ ይይዘዋል። «ጎ» ልበል? «ዌንት»? ወይስ «ሃቭ ጎን»? አቦ፣ ያደክማል።

ሕጉ ጠፍቶት አይደለም። 12ቱን ቴንስ በሠንጠረዥ ሸምድዶ ስንቱን ፈተና አልፏል። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ያስባል፣ የአማርኛውን ግስ መልክ ያያል፣ ከዚያ የዚያን መልክ መንትያ እንግሊዝኛ ውስጥ ይፈልጋል። መንትያ ደግሞ የለም። ሁለቱ ቋንቋዎች ጊዜን የሚከፋፍሉት በየራሳቸው መንገድ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡን ለጊዜው አስቀምጡት። ግሱን ከመምረጣችሁ በፊት ራሳችሁን የምትጠይቋቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉ፤ በተራ እንሂድባቸው።

ደብተርና እስክርቢቶ ያዙ። እንግሊዝኛውን የጻፍኩት በእኛው ፊደል ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል ራሳችሁ ጻፉት። ግማሹ ልምምድ እሱ ነው።

እርምጃ 1፦ የአማርኛውን ግስ መልክ አትመኑ

ከዚራ አንድ ካፌ ቁጭ ብላችሁ አስተናጋጁን ጥሩት። «መጣሁ! መጣሁ!» ይላል። አልመጣም። ገና ሦስት ጠረጴዛ ይቀረዋል። ግሱ የኃላፊ ጊዜ መልክ አለው፣ ሐሳቡ ግን «እየመጣሁ ነው» ነው። ለውጭ አገር ደንበኛ «አይ ኬም» ቢለው ሰውየው ግራ ይገባዋል። የሚባለው «አይም ካሚንግ» ነው። ስንሰናበት «በሉ ሄድኩ» የምንለውም እንደዚሁ ነው፦ «አይም ጎይንግ»።

«ከ» የሚገባበትን ደግሞ ተመልከቱ። «ባቡሩ ከመጣ እንሄዳለን» ስንል «መጣ» የሚለው ኃላፊ ይመስላል። ባቡሩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። «ኢፍ ዘ ትሬን ኬም» ካላችሁ ሰሚው የባቡሩን መምጣት የምትጠራጠሩ ይመስለዋል። ቀላሉና ትክክለኛው «ኢፍ ዘ ትሬን ካምስ፣ ዊ ዊል ጎ» ነው።

በብዛት የምንሳሳተው ግን ስለ ራሳችን ሁኔታ ስንናገር ነው። ርቦኛል። ደክሞኛል። ገብቶኛል። ቆሜያለሁ። ለብሻለሁ። እነዚህን ያየ ተማሪ ሁሉንም በ«ሃቭ» ሊጀምራቸው ይፈልጋል። እንግሊዝኛ ግን ሁሉንም የሚያያቸው አሁን እንዳለ ሁኔታ ነው። ርቦኛል «አይም ሃንግሪ» ነው። ደክሞኛል «አይም ታየርድ»። ገብቶኛል «አይ አንደርስታንድ»። ሐረር ላይ እንግዳ ቀጥራችሁ በስልክ «ፈረስ መጋላ ቆሜያለሁ፣ ቀይ ሸሚዝ ለብሻለሁ» ልትሉት ነው እንበል። «አይም ስታንዲንግ አት ፈረስ መጋላ፣ አይም ዌሪንግ ኤ ሬድ ሸርት» በሉት። «አይ ሃቭ ዎርን ኤ ሬድ ሸርት» ካላችሁት «ከዚህ በፊት ቀይ ሸሚዝ ለብሼ አውቃለሁ» እንደማለት ነው። እንግዳው ደስ ይለው ይሆናል፣ እናንተን ግን አያገኛችሁም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ከጎኑ ከአራቱ አንዱን ብቻ አስፍሩ፦ ሆኖ አልፏል፣ አሁን እየሆነ ነው፣ ሁልጊዜ ይሆናል፣ ገና ነው። ከዚህ በኋላ የአማርኛውን ግስ አትዩት። የምታዩት ከጎኑ የጻፋችሁትን ነው።

እርምጃ 2፦ «ሆኖ አልፏል» ካላችሁ፣ ጊዜው ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው?

ከባዱ እርምጃ ይሄ ስለሆነ እዚህ ቆየት እንበል። ሲምፕል ፓስትን ከፕረዘንት ፐርፌክት መለየት ነው፤ «ሶው» እና «ሃቭ ሲን»፣ «ዌንት» እና «ሃቭ ጎን»።

አማርኛ «ባቡሩ ትናንት መጥቷል» ማለት ይፈቅዳል። ዜና ስሙ፦ «ኃላፊው ትናንት በሰጡት መግለጫ ገልጸዋል»። ምንም ጆሮ የሚቆረቁር ነገር የለውም። እንግሊዝኛ ይሄን አይቀበልም። «ዘ ትሬን ሃዝ አራይቭድ የስተርደይ» ስህተት ነው፤ «የስተርደይ» ካለ «ሃዝ» ይወጣል። «ዘ ትሬን አራይቭድ የስተርደይ» ነው የሚባለው። አማርኛ ተናጋሪ ከሚሠራቸው የቴንስ ስህተቶች ይሄን የሚያህል የለም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የተሳሳተው ሰው ጆሮው ላይ ፍጹም ልክ ነው የሚሰማው።

የምታወሩበትን ጊዜ ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ እንዳለ ሱቅ አስቡት። መዝጊያው ወርዶ ከተቆለፈ ሲምፕል ፓስት ነው። ገና ክፍት ሆኖ ሰው እየገባ እየወጣ ከሆነ ፕረዘንት ፐርፌክት ነው።

መዝጊያውን የሚያወርዱ ቃላት አሉ። ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1998፣ ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ። «መቼ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥያቄም ያው ነው፤ «ዌን» ከመጣ «ዲድ» ይከተለዋል። ክፍት የሚያደርጉት ደግሞ እስካሁን፣ ገና፣ በሕይወቴ፣ ሰሞኑን፣ ከእንዲህ ያለ ጊዜ ጀምሮ፣ እንዲሁም ዛሬና በዚህ ሳምንት ናቸው፤ ቀኑና ሳምንቱ እስካላለቀ ድረስ።

ታሪክ ሁልጊዜ የተዘጋ ነው። የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ነው፦ «ዘ ሬይልዌይ ሪችድ ድሬዳዋ ኢን 1902»። የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው የወሰደበት የ1998 ክረምትም የተዘጋ ነው፦ «ዘ ደቻቱ ፍለድድ ኢን ኦገስት 2006»። በግንብ የታጠረችው የሐረር ከተማ ጁገልም በዚያው ዓመት ነው የዓለም ቅርስ የሆነችው፦ «ጁገል ቢኬም ኤ ዎርልድ ሄሪቴጅ ሳይት ኢን 2006»።

ሐረር ላይ ለማስጎብኘት የምታስቡ በተለይ ይሄን ልብ በሉ። በአማርኛ «ኢሚር ኑር ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሠርተዋል» ማለት ያምራል። ይህን ይዛችሁ «ኢሚር ኑር ሃዝ ቢልት ዘ ዎል» ብትሉ ግን ኢሚሩ በሕይወት ያሉ፣ ግንቡንም ሰሞኑን ያስጨረሱ ይመስላል። «ኢሚር ኑር ቢልት ዘ ዎል ኢን ዘ ሲክስቲንዝ ሴንቸሪ» በሉ፤ አለቀ።

ዓመተ ምሕረት ስትናገሩ በመንገዳችሁ አንድ ነገር አትርሱ። እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የእኛን 1998 ከከተታችሁ ሰሚው የሚያስበው ሌላ ዓመት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ 7 ጨምሩ፤ ከጥር እስከ ጳጉሜን 8። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ብቻ ጠንቀቅ በሉ፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ክፍቱ ሱቅ። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎን አልፋችሁ፣ አወዳይ ሳትደርሱ የሐረማያን ሐይቅ ታያላችሁ። ሐይቁ አንድ ጊዜ ደርቆ ነበር። «ዘ ሌክ ድራይድ አፕ ይርስ አጎ»፤ «ይርስ አጎ» ስላለ ተዘግቷል። አሁን ግን ውሃው ተመልሷል፤ አሁኑኑ በመስኮት ይታያል። «ዘ ዎተር ሃዝ ካም ባክ»። መቼ እንደተመለሰ አልተናገርንም። ዋናው ውጤቱ ዛሬ መኖሩ ነው።

ቀጥሎ የቆይታ ጊዜ አለ። «ሐረር ከመጣሁ 3 ዓመቴ ነው።» መጨረሻው ላይ «ነው» ስላለ ብዙ ሰው «አይም ኢን ሐረር ስሪ ይርስ» ይላል። ቆይታው ከጀመረ 3 ዓመት ሆኖታል፣ አላበቃም። ስለዚህ «አይ ሃቭ ቢን ኢን ሐረር ፎር ስሪ ይርስ»። የቆይታውን ርዝመት ከነገራችሁ «ፎር»፣ የተጀመረበትን ቀን ከነገራችሁ «ሲንስ»። «ሲንስ ስሪ ይርስ» የሚለው ከእኛው «ከ3 ዓመት ጀምሮ» የተቀዳ ነውና ተዉት። «ሲንስ 2021» ይባላል፤ «ሲንስ መንደይ» ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ የመለማመጃ መጽሐፍ የሚያሳስተው ነገር አለ። «ፎር» ካያችሁ ዝም ብላችሁ «ሃቭ» ምረጡ ይባላል። ሐሰት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ «አያቴ ምድር ባቡር 30 ዓመት ሠርተዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። አያትየው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሥራው ተዘግቷል። «ማይ ግራንድፋዘር ዎርክድ ፎር ዘ ሬይልዌይ ፎር ሰርቲ ይርስ» ነው፣ «ፎር» ሁለቴ ቢኖርም። ዛሬም ጠዋት ተነስተው ሥራ የሚገቡ ከሆነ ብቻ «ሃዝ ዎርክድ» ይሆናል። የሚወስነው መዝጊያው ነው።

«ዛሬ ጠዋት» ደግሞ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ጠዋት በ3 ሰዓት እያወራችሁ ከሆነ «አይ ሃቭ ሲን ሂም ዚስ ሞርኒንግ» ማለት ትችላላችሁ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ጠዋቱ አልቋል፤ «አይ ሶው ሂም ዚስ ሞርኒንግ»።

የድሬ ሰው ከሚፈልጋቸው ውስጥ አንዱ «ጎን» እና «ቢን» ነው። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ጂቡቲ» ማለት ሄዷል፣ እዚያው ነው። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ጂቡቲ» ማለት ሄዶ ያውቃል፣ ተመልሷል። አለቃችሁ የት ነው ተብላችሁ «ሂ ሃዝ ቢን» ካላችሁ ደንበኛው ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ወሬ ስትጀምሩ ይህን ቅደም ተከተል ተጠቀሙ። መጀመሪያ በክፍቱ ጠይቁ፣ መልሱ «አዎ» ከሆነ ወደ ተዘጋው ግቡ።

«ሃቭ ዩ ኤቨር ኢትን ፈቲራ?»
«የስ፣ አይ ሃቭ።»
«ዌን ዲድ ዩ ኢት ኢት?»
«አይ ኤት ኢት የስተርደይ፣ ኢን መጋላ።»

የመጀመሪያው ጥያቄ ሙሉ ዕድሜን ይጠይቃል። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ የተወሰነ ቁርስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ወደ «ሃቭ» አትመለሱም፤ ስለዚያች ፈቲራ እስከምታወሩ ድረስ ሁሉም ሲምፕል ፓስት ነው። ፊልም ላይ አሜሪካኖች «ዲድ ዩ ኢት የት?» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እነሱ ዘንድ በንግግር የተለመደ ነው። ፈተና ላይ ግን «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» የሚለውን ምረጡ።

እርምጃ 3፦ «እሄዳለሁ» የትኛው እሄዳለሁ ነው?

አማርኛ በአንድ «እሄዳለሁ» ብዙ ነገር ይሸፍናል። እንግሊዝኛ ይበትነዋል።

«በየሳምንቱ ሐረር እሄዳለሁ» ልማድ ነው፦ «አይ ጎ ቱ ሐረር ኤቭሪ ዊክ»። «ነገ ሐረር እሄዳለሁ» ብላችሁ ቀጠሮ ይዛችሁ፣ ዘመድ ነግራችሁ ከሆነ «አይም ጎይንግ ቱ ሐረር ቱሞሮ» ነው። ቤት ውስጥ ዳቦ የሚገዛ ጠፍቶ «እሺ በቃ፣ እኔ እሄዳለሁ» ካላችሁ አሁን የወሰናችሁት ነው፦ «ኦኬ፣ አይል ጎ»። ሦስቱን አቀያይራችሁ ብትናገሩ ሰው ይረዳችኋል። ግን ለሁሉም ነገር «አይ ዊል» የሚል ሰው ምንም ያላቀደ፣ ሁሉንም እዚያው የሚወስን ይመስላል።

«ልሄድ ነው»፣ «ሊዘንብ ነው» ለሚለው «ጎይንግ ቱ» ጥሩ ማረፊያ ነው። ድሬ ላይ ፀሐዩ እየጠበሰን በደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ምን እንላለን? ማስረጃው ዓይናችን ፊት ነው፦ «ኢትስ ጎይንግ ቱ ሬይን»። «ኢት ዊል ሬይን» ግምት ነው፤ ደመናውን እያሳያችሁ ሲሆን ግን «ጎይንግ ቱ» ይበልጣል። ደቻቱ የሚሞላው ላይኛው አገር ሲዘንብ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ «ዘ ሪቨር ኢዝ ጎይንግ ቱ ፍለድ» ብሎ ይጨምራል።

የጊዜ ሠሌዳ ያላቸው ነገሮች፣ ማለትም ባቡር፣ አውሮፕላን፣ ፈተና፣ ለነገም ቢሆን በፕረዘንት ይነገራሉ። «ዘ ትሬን ዲፓርትስ ቱሞሮ ሞርኒንግ።»

አንድ ጠንካራ ሕግ አለ፣ ይሄን ብቻ ሸምድዱ። «ዌን»፣ «ኢፍ»፣ «ቢፎር»፣ «አፍተር»፣ «አንቲል» ጊዜ ወይም ሁኔታ ሲናገሩ ከኋላቸው «ዊል» አይገባም። «ስደርስ እደውላለሁ» ማለት «አይ ዊል ኮል ዩ ዌን አይ አራይቭ» ነው። «ዌን አይ ዊል አራይቭ» አይባልም። የወደፊቱን ጊዜ የሚሸከመው ሌላኛው ግስ ነው።

አሁን እየሆነ ያለ ነገር «ኢንግ» ይወስዳል፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። የማይወስዱትን ማወቅ ነው ዋናው፦ ማወቅ፣ መፈለግ፣ መውደድ፣ ማመን፣ መረዳት፣ የራስ ንብረት መሆን። «አይም ኖዊንግ» የለም። «አይም ዎንቲንግ» የለም። «አይ ኖው»፣ «አይ ዎንት»። የ«ሂ» እና የ«ሺ»ን «ስ» ስለመጨመር ብዙ አልልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም እንረሳዋለን። ስትጽፉ መጨረሻ ላይ ለእሷ ብቻ አንድ ጊዜ እንደገና አንብቡ።

እርምጃ 4፦ «ነበር»ን በ«ሃድ» አትተኩ

«ትናንት ገበያ ሄጄ ነበር።» ስንት ሰው ይሄን «አይ ሃድ ጎን ቱ ዘ ማርኬት የስተርደይ» ይለዋል! ምክንያቱ ይገባኛል፤ «ነበር» ሩቅ ያስመስለዋል። እንግሊዝኛው ግን ተራ ሲምፕል ፓስት ነው፦ «አይ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት የስተርደይ»።

«ሃድ» የሚያስፈልገው ሁለት ያለፉ ነገሮች ኖረው አንዱ ከሌላው መቅደሙን ማሳየት ስትፈልጉ ነው። ሁለቱን አነጻጽሩ። «ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ትሬን ሌፍት» ማለት እኛ ስንደርስ ያኔ ባቡሩ ተነሳ ነው፤ ምናልባት እያየነው። «ዌን ዊ አራይቭድ፣ ዘ ትሬን ሃድ ሌፍት» ማለት ስንደርስ ሄዶ ጠበቀን ነው፤ ባዶ ሐዲድ አገኘን። ቅደም ተከተሉ «ቢፎር» ወይም «አፍተር» በሚለው ቃል ግልጽ ከሆነ «ሃድ»ን ብትተዉትም ማንም አይከሳችሁም።

«እሠራ ነበር» ሁለት መንገድ አለው። ድሮ የነበረና የቀረ ልማድ ከሆነ «አይ ዩዝድ ቱ ዎርክ»። ሌላ ነገር ሲደርስ መሃል ላይ ከነበረ «አይ ዎዝ ዎርኪንግ ዌን ዩ ኮልድ»።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ መጽሐፍ ላይ ብዙ የማይነሳ ነገር ልንገራችሁ። አማርኛ ድርጊቶችን በሰንሰለት ያያይዛል፦ «ገበያ ሄጄ፣ ሽንኩርት ገዝቼ፣ ባጃጅ ይዤ፣ ቤት ገባሁ»። ጊዜውን የሚናገረው የመጨረሻው ግስ ብቻ ነው። የፊተኞቹ እሱን ተደግፈው ይሄዳሉ። ተማሪው ይህን ይዞ «አይ ጎ ቱ ዘ ማርኬት፣ ባይ አኒየንስ፣ ቴክ ኤ ባጃጅ ኤንድ ኬም ሆም» ብሎ ይጽፋል። መጨረሻው ላይ ብቻ ኃላፊ አደረገው፣ ልክ እንደ አማርኛው። እንግሊዝኛ ውስጥ እያንዳንዱ ግስ የራሱን ጊዜ ራሱ ይሸከማል፦ «አይ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት፣ ቦውት አኒየንስ፣ ቱክ ኤ ባጃጅ ኤንድ ኬም ሆም»። ድርሰት ከጻፋችሁ በኋላ ግሶቹን ሁሉ አስምሩባቸው። በአንድ ታሪክ ውስጥ አንዱ ኃላፊ ሆኖ ጎረቤቱ ፕረዘንት ከሆነ ምክንያት ይኑራችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ይወጣል። ዛሬም እውነት የሆነ ነገር ታሪክ መሃል ቢገባ በፕረዘንት ይቆያል። «ዊ ዎክድ ቱ ሸዋ በር። ኢት ኢዝ ዋን ኦፍ ዘ ጌትስ ኦፍ ጁገል።» መራመዱ አለፈ፤ በሩ ግን የትም አልሄደም።

እርምጃ 5፦ «እመጣለሁ አለ» እና «ቢመጣ ኖሮ»

አማርኛ የሰውን ንግግር እንዳለ ይወስዳል። «እመጣለሁ አለ» ስንል «እመጣለሁ» ያለው እሱ ራሱ ነው፤ ቃሉን አልነካንም። ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግረው ሁለት ነገር ይለወጣል። «እኔ» ወደ «እሱ» ይዞራል፣ «ዊል» ወደ «ዉድ» ይወርዳል፦ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም»። «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ካላችሁ የሚመጡት እናንተ ናችሁ። በዚሁ መንገድ «ደክሞኛል አለች» የሚለው «ሺ ሴድ ሺ ዎዝ ታየርድ» ይሆናል።

«ኖሮ» ያለበት ዓረፍተ ነገር በአንድ ቅርጽ ይታሰር፤ ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልገውም። «ቀድመን ብንነሳ ኖሮ እንደርስ ነበር» ማለት «ኢፍ ዊ ሃድ ስታርትድ ኧርሊየር፣ ዊ ዉድ ሃቭ አራይቭድ ኢን ታይም» ነው። «ኖሮ» ስትሰሙ ከ«ኢፍ» በኋላ «ሃድ»፣ በሌላኛው በኩል «ዉድ ሃቭ»።

ሁሉንም ባንድ ላይ፦ የሥራ ቃለ መጠይቅ

«እስቲ ስለራስሽ ንገሪን» የሚለው ጥያቄ ከላይ ያሉትን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይፈትናል። አንዲት የድሬ ልጅ በአማርኛ እንዲህ አሰበች እንበል፦

«ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 2011 ተመረቅኩ። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ። ከዚያ ትራንዚት ቢሮ ገባሁ፣ እስካሁን እዚያው ነኝ። በየቀኑ ከጂቡቲ የሚመጡ ሰነዶች አጣራለሁ። አሁን የኮምፒውተር ኮርስ እየወሰድኩ ነው። ከቀጠራችሁኝ በሚቀጥለው ወር እጀምራለሁ።»

አንድ በአንድ እንያት። መወለድና ማደግ የተዘጋ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ነው» አያታልላት፦ «አይ ዎዝ ቦርን ኤንድ ግሩ አፕ ኢን ድሬዳዋ»። «አይም ቦርን» አይባልም። ምረቃው ቀን አለው፣ ሐምሌ ስለሆነ 8 እንጨምራለን፦ «አይ ግራጁዌትድ ኢን ጁላይ 2019»። ሱቁን ትታዋለች፤ አማርኛው «ሠርቻለሁ» ቢልም «አይ ዎርክድ ኢን ኤ ሾፕ ፎር ቱ ይርስ»። የትራንዚቱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቴንስ ይፈልጋል። መግባቷ አንድ ቀን የሆነ ነው፣ መቆየቷ አላበቃም፦ «ዜን አይ ጆይንድ ኤ ትራንዚት ኦፊስ፣ ኤንድ አይ ሃቭ ቢን ዜር ኤቨር ሲንስ»። ሰነዱ ልማድ ነው፦ «ኤቭሪ ዴይ አይ ቼክ ዶክዩመንትስ ፍሮም ጂቡቲ»። ኮርሱ ሰሞነኛ ነው፦ «አይም ቴኪንግ ኤ ኮምፒውተር ኮርስ»። የመጨረሻው «ኢፍ» አለበት፤ «ቀጠራችሁኝ» የሚለው መልክ ወደ ኃላፊ እንዳይስባት፦ «ኢፍ ዩ ሃየር ሚ፣ አይ ዊል ስታርት ኔክስት መንዝ»።

እናንተም የራሳችሁን በዚህ መልክ ጻፉ። ከ8 ዓረፍተ ነገር አታስበልጡት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ዲድንት» ያለበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከኋላው የሚመጣው ግስ መነሻ ቅርጹን ይዟል? «ዲድንት ዌንት» ከተገኘ «ዲድንት ጎ» አድርጉት። ኃላፊነቱን «ዲድ» ተሸክሞታል።

መሞከሪያ

መልሱን በወረቀት ሸፍኑና ሥሩ።

1. ሙሸበክ በልተሽ ታውቂያለሽ?
2. እናቴ ትናንት ከሐረር መጥታለች።
3. ቆይ፣ መጣሁ!
4. ዝናቡ ሲያቆም እንወጣለን።
5. ሳቢያን ከገባን አምስት ዓመታችን ነው።
6. ጅቦቹን አብልቶ ቤቱ ገባ።
7. እደውላለሁ ብላ አልደወለችም።

መልሶች፦

1. «ሃቭ ዩ ኤቨር ኢትን ሙሸበክ?»
2. «ማይ ማዘር ኬም ፍሮም ሐረር የስተርደይ።»
3. «ዌይት፣ አይም ካሚንግ!»
4. «ዊ ዊል ጎ አውት ዌን ዘ ሬይን ስቶፕስ።»
5. «ዊ ሃቭ ሊቭድ ኢን ሳቢያን ፎር ፋይቭ ይርስ።»
6. «ሂ ፌድ ዘ ሃይናስ ኤንድ ዌንት ሆም።»
7. «ሺ ሴድ ሺ ዉድ ኮል፣ በት ሺ ዲድንት።»

3ኛውን የሳተ እርምጃ 1ን እንደገና ያንብብ። 4ኛው የእርምጃ 3፣ 6ኛው የእርምጃ 4፣ 7ኛው የእርምጃ 5 ነው። 1ኛውን፣ 2ኛውን ወይም 5ኛውን ከሳታችሁ እርምጃ 2 ላይ ሁለት ሦስት ቀን ቆዩበት፤ የራሳችሁን አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር እየጻፋችሁ፣ ከእያንዳንዱ ጎን «ተዘግቷል» ወይም «ክፍት» እያላችሁ።